የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አየርና የልጄ አስም፦ ሻጋታው ነው ወይስ ሌላ?

ማሚ_ሜሪላንድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት ስለ ሕንፃም ስለ ጤናም የሚያውቁ ሰዎች እንዳሉ አይቻለሁ። እባካችሁ እርዱኝ።

የ9 ዓመት ልጅ አለኝ፤ አስም አለበት። መኪና ስለሌለን የምንንቀሳቀሰው በዋሽንግተን ሜትሮ ነው፣ በቀዩ መስመር። የምንሳፈርበት ጣቢያ ከመሬት በታች በጣም የገባ ነው፤ ስሙን ልተወው። በተለይ ዝናብ ከጣለ በኋላ የሆነ ሽታ አለው። የታፈነ፣ የረጠበ አፈር የመሰለ። ግድግዳው ላይ ውሃ የወረደበት ነጭና ቡናማ መስመር ይታያል። ልጄ ገና መውረድ ስንጀምር «ማሚ፣ ሸተተኝ» ይልና አፍንጫውን በሹራቡ ይሸፍናል። ማታ ያስለዋል። ጠዋት ሲነሳ ደረቱ ሲር ሲር ይላል።

ሰሞኑን አንዲት ጓደኛዬ፣ በየአገሩ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አየር ላይ ፈንገስ እንደተገኘ የሚያወራ ጽሑፍ ላከችልኝ። አስፐርጊለስ፣ ፔኒሲሊየም፣ ክላዶስፖሪየም የሚሉ ስሞች ተደርድረዋል። አንብቤ ጨረስኩ፣ ከመደንገጥ በቀር ያገኘሁት ነገር የለም። ልጄን በሜትሮ ማመላለስ ላቁም? በየቀኑ ኡበር አቅሜ አይደለም። ወይስ ማስክ ይበቃዋል? ኦንላይን የሚሸጠውን የሻጋታ መመርመሪያ ገዝቼ ጣቢያው ውስጥ ብሞክረውስ?

ቀይመስመር፦

አይዞሽ እህቴ። እኔም በዚያው መስመር ነው የምሄደው፤ ሽታውን አውቀዋለሁ። መመርመሪያውን ግዢና ሞክሪው። ርካሽ ነው። ሻጋታ ከበቀለበት ማስረጃ ይሆንሻል፣ ይዘሽ አቤት ትያለሽ። ልጁን ግን እስከዚያ በአውቶቡስ አመላልሺው ባይ ነኝ።

ጋሽ_ቬንት፦

እህቴ፣ ሥራዬ የትልልቅ ሕንፃዎች አየር ማስተላለፊያ ነው። ጣሪያ ላይ እወጣለሁ፣ ቱቦ ውስጥ እገባለሁ፣ ፊልተር እቀይራለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ስለ አየሩ ግን የማውቀውን ልንገርሽ። ለልጅሽ የምፈራለት ነገር አንቺ ከምትፈሪው ይለያል።

ከግድግዳው ልጀምር። ነጩ መስመር ሻጋታ አይደለም። ውሃ ኮንክሪቱን ሰርስሮ ሲያልፍ ኖራውን ያሟሟዋል፤ ወጥቶ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ቡናማው ዝገት ነው። የቀዩ መስመር ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ዓለት ተቆፍሮ ነው የተሠራው። ፎረስት ግሌን ጣቢያ 60 ሜትር ያህል ወደ ታች ይገባል፤ ከጥልቀቱ የተነሳ ኤስካሌተር የለውም፣ ሰው የሚወርደው በኤሌቬተር ነው። እዚያው መስመር ላይ ያለው የዊተን ጣቢያ ኤስካሌተር ደግሞ 70 ሜትር ይረዝማል። ያን ያህል ወርደሽ የከርሰ ምድር ውሃ አለማግኘት ይከብዳል።

ሻጋታ ግን ውሃ ብቻ አይበቃውም፤ የሚበላው ይፈልጋል። እንጨት፣ ካርቶን፣ ጨርቅ፣ የጂፕሰም ቦርድ ወረቀት፣ የተጠራቀመ አቧራ። ባዶ ኮንክሪትና ብረት ብዙም አይመቸውም። ሽታው እውነት ነው፤ የሆነ ጥግ ላይ የረጠበ ቆሻሻ ይኖራል። ሆኖም ጣቢያ አየር ላይ የሚንሳፈፈው የሻጋታ ዘር፣ ስፖር የሚባለው፣ ብዙው ከላይ ከመንገድ የገባ ነው። ባቡሩ በዋሻው ውስጥ ሲሮጥ እንደ መርፌ ሲሪንጅ ነው፤ ከፊቱ ያለውን አየር ይገፋል፣ ከኋላው ይስባል። ባቡር ሊደርስ ሲል ፊትሽን የሚመታሽ ነፋስ እሱ ነው። ያ ነፋስ የውጭውን አየር በደረጃውና በማናፈሻው ጎትቶ ያስገባል፣ ወለል ላይ የተኛውንም ያስነሳል። በኦገስትና በሴፕቴምበር የውጭው አየር ራሱ በክላዶስፖሪየምና በአልተርናሪያ ስፖር የተሞላ ነው። ልጅሽ በዚያ ወቅት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቢቆምም ያንኑ ይተነፍሳል።

አሁን ወደ ፈራሁት ልምጣ። የብረቱ አቧራ።

የብረት ጎማ ሐዲድ ላይ ይፈጫል። ፍሬን ይፋጫል። ኤሌክትሪክ ከሦስተኛው ሐዲድ የሚወስደው ብረትም ይሸራተታል። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ብናኝ በጣም ደቃቅ ነው፣ ዋሻ ውስጥ ደግሞ የሚያጥበው ዝናብ የለም። በ2021 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኒው ዮርክን፣ የኒው ጀርሲን፣ የቦስተንን፣ የፊላደልፊያንና የዋሽንግተንን የምድር ውስጥ ጣቢያዎች ለክተው ውጤቱን አሳትመዋል። የለኩት ፒኤም 2.5 የሚባለውን፣ ሳንባ ድረስ ጠልቆ የሚገባውን ብናኝ ነው። የዋሽንግተን ጣቢያዎች አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 341 ማይክሮግራም ሆኖ ተገኘ። ከጣቢያዎቹ ውጭ፣ መንገድ ላይ፣ 12 ገደማ ነበር። ፊላደልፊያ 112 ነው። ኒው ዮርክንና ኒው ጀርሲን የሚያገናኘው ፓዝ የሚባለው ባቡር ደግሞ 779 ደርሷል። ከየቦታው ተመርጠው በተመረመሩት ናሙናዎች ውስጥ ከብናኙ 80 በመቶ የሚሆነው ብረትና ካርቦን ነው። ሻጋታ አይደለም።

ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ቁጥሩን በጊዜ አስቢው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው መመሪያ ለ24 ሰዓት አማካይ 15 ይላል። ልጅሽ ደርሶ መልስ በድምሩ 20 ደቂቃ ፕላትፎርም ላይ ቢቆምና የቀረውን ቀን 12 የሆነ አየር ቢተነፍስ፣ የቀኑ አማካዩ 16 ተኩል ገደማ ይሆናል። 10 ደቂቃ ብቻ ከቆመ 14 ከምናምን ላይ ይቀራል። አየሽ፣ ትልቁ ጉዳይ የቆይታችሁ ርዝመት ነው። ስለዚህ ሜትሮውን አትተዪ፤ ፕላትፎርሙ ላይ የምትቆሙበትን አሳጥሪ። ባቡሩ ስንት ደቂቃ እንደቀረው ስልክሽ ላይ ታይዋለሽ። ሁለት ሦስት ደቂቃ እስኪቀረው ድረስ ላይ ቆዩ፣ ከዚያ ውረዱ። ጥልቅ ጣቢያ ከሆነ የመውረጃውን ጊዜ ጨምረሽ አስቢ። ስትደርሱም ፕላትፎርም ላይ ቆማችሁ አታውሩ፤ ውጡና አውሩ።

ማስክም ይረዳል፣ ግን ፊት ላይ የሚገጥም ከሆነ ብቻ ነው። ኬኤን 95 ወይም ኬኤፍ 94 የልጅ ልክ ይገኛል። ሰማያዊው የሐኪም ማስክ በጎንና በጎን ክፍት ስለሆነ ደቃቁ ብናኝ በዚያ ይገባል። ሹራቡን ማንሳቱ ለሽታው እንጂ ለብናኙ ብዙም አይጠቅመውም። አንድ ነገር ግን፦ በማስኩ መተንፈስ ከከበደው አታስገድጂው፤ ሐኪሙን ጠይቂ።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ማታ ያስለዋል፣ ጠዋት ሲር ሲር ይላል ብለሻል። ማታና ጠዋት ልጅሽ ያለው ጣቢያ ውስጥ አይደለም። ቤታችሁ ቤዝመንት ነው?

ማይክሮ_አዲስ፦

ከአዲስ አበባ ነኝ፤ ማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። የእኛ ቀላል ባቡር አብዛኛው በድልድይና በመሬት ላይ ስለሚሄድ፣ ምኒልክ አደባባይ ካለው ጣቢያ በቀር ይህ ጥያቄ እዚህ ብዙም አይነሳም። የላብራቶሪውን በኩል ግን ልጨምር።

እባክሽ እህቴ፣ ያንን መመርመሪያ አትግዢ። ቀይመስመር ለበጎ ነው ያለው፤ ነገር ግን መመርመሪያው ውስጥ ያለውን ሳህን የትም ብትከፍቺው ሻጋታ ይበቅልበታል። ሳሎን ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ መናፈሻ፣ በየትም። የወደቀለትን ነው የሚያበቅለው። ትልልቁ ስፖር ቶሎ ይወድቃል፣ ትንንሹ አየር ላይ ይቆያል፤ አየር ላይ የሚቆየው ደግሞ ሳንባ ውስጥ የሚገባው ነው። ምን ያህል አየር እንደነካውም አታውቂም።

እኛ ስንለካ ፓምፕ ያለው መሣሪያ እንጠቀማለን። አንደርሰን የሚባለው መሣሪያ በደቂቃ 28.3 ሊትር አየር ይስባል፣ 400 ቀዳዳ ባለው ሳህን አሳልፎ ለፈንገሱ ምግብ ያለበት አጋር የሚባል የረጋ ነገር ላይ ይመታዋል። ከዚያ 25 ዲግሪ ላይ ለቀናት እናቆየዋለን፣ የበቀለውን እንቆጥራለን፣ ወደ ሜትር ኩብ እንቀይረዋለን። ይሄም ቢሆን የሚያሳየን በሕይወት ያለውንና ያንን ምግብ የወደደውን ብቻ ነው። የሞተ ስፖር አይበቅልም፤ አለርጂ ግን ይቀሰቅሳል። ለዚህ ነው ሁለት ጥናቶች ስለ አንድ ዓይነት ጣቢያ በጣም የተራራቀ ቁጥር ሊያወጡ የሚችሉት። አንዱ አብቅሎ ቆጥሯል፣ ሌላው ዲኤንኤ አንብቧል።

ውጤቱን ብታገኚስ ከምን ጋር ታነጻጽሪዋለሽ? አሜሪካ ውስጥ ለአየር ላይ የሻጋታ ስፖር የተቀመጠ የፌዴራል ገደብ የለም። ሰው ለሰው ይለያያል፤ ለአንዱ ምንም ያልሆነ መጠን ሌላውን ያፍነዋል። በሙያችን የሚደረገው የውስጡንና የውጭውን አየር በአንድ ቀን ለክቶ ማወዳደር ነው። ውስጥ ያለው ዓይነት ውጭ ካለው ጋር ከተመሳሰለ፣ ከውጭ ገብቷል እንላለን። ውስጥ በብዛት ኖሮ ውጭ ከሌለ፣ እዚያው የሆነ ቦታ እየበቀለ ነው። በ2013 የታተመ አንድ የኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ጥናት የአየሩን ባክቴሪያ በዲኤንኤ አይቶ፣ የውጭ አየርና የሰው ቆዳ ድብልቅ ሆኖ ነው ያገኘው። ጋሽ ቬንት ያሉት ነፋስ ይህንን በደንብ ያስረዳል።

ስለ ስሞቹ። አስፐርጊለስ ብዙ ዓይነት ነው። ከሁሉ የምንጠነቀቀው አስፐርጊለስ ፉሚጋተስን ነው፤ በሰው ገላ ሙቀት፣ 37 ዲግሪ ላይ ደህና አድርጎ ይበቅላል፣ ስፖሩም 2 እስከ 3 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ያህል ብቻ ስለሆነ ሳንባ ውስጥ ርቆ ይገባል። በኬሞቴራፒ ላይ ያለ፣ ኩላሊት ወይም መቅኒ የተተካለት፣ ስቴሮይድ በብዛት ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው በእውነት ሊጠነቀቀው ይገባል። ጤነኛ ሰው በየቀኑ እየተነፈሰው ሰውነቱ ያጸዳዋል። አስም ያለበት ልጅ መሃል ላይ ነው፤ ኢንፌክሽኑ ሳይሆን አለርጂው ነው የሚያሳስበው። በተለይ አልተርናሪያ። ለእሱ አለርጂ የሆኑ ልጆች አስማቸው ሊከብድ ይችላል።

ስለዚህ መመርመር ካለበት፣ የሚመረመረው ጣቢያው ሳይሆን ልጁ ነው። ሐኪሙን «የሻጋታ አለርጂ ይታይልኝ» በዪው። በቆዳ ላይ ወይም በደም ይሠራል። የአልተርናሪያ፣ የክላዶስፖሪየም፣ የአስፐርጊለስ፣ የአቧራ ተባይ፣ የድመት፣ የበረሮ እያሉ ለይተው ያዩለታል። ያንን ካወቅሽ ከየትኛው እንደምትሸሺ ታውቂያለሽ። እያንዳንዱ ሳል የመጣበትን ሰዓትና ቦታም ጻፊው፤ ሐኪም ፊት ከምንም የላብራቶሪ ወረቀት በላይ ይረዳል።

ማሚ_ሜሪላንድ፦

እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ልቤ ቀጥ አለ። አዎ፣ ቤዝመንት ነው። አንድ ትንሽ መስኮት አለ፣ እሱም ጣሪያው ስር ነው። ወለሉ ሙሉ በሙሉ ካርፔት ነው። የልጄ አልጋ የውጭውን ግድግዳ ተጠግቶ ነው ያለው። በእጄ ስዳብሰው ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው፣ ክረምት ላይ ላብ ላብ ይለዋል። ባለፈው ጥጉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶ አከራዬ ቀለም ቀባበትና ጠፋ። አሁን እንደገና እየታየ ነው።

እንጀራም እዚሁ ነው የምጋግረው፣ አርብ ማታ ከሥራ ስመለስ። ምጣዴ የኤሌክትሪክ ነው፤ ጭስ ስለሌለው ችግር አለው ብዬ አስቤ አላውቅም። እሁድ ደግሞ ቡና አፈላለሁ፣ ዕጣን አጨሳለሁ። ይሄ ሁሉ ይነካዋል?

ጋሽ_ቬንት፦

ይነካዋል እህቴ። መፍትሔው ግን በእጅሽ ነው፤ ደስ የሚለኝም እሱ ነው። ጣቢያውን አንቺ አትቀይሪውም፣ ክፍሉን ግን መቀየር ትችያለሽ። ልጁ ጣቢያ ውስጥ የሚያሳልፈው ደቂቃ ነው፣ እዚህ ግን ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚተነፍሰው።

አስቀድሞ አልጋውን ከውጭው ግድግዳ አርቂው። ዛሬ ማታ። የሚቻል ከሆነ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ይዙር፤ ካልሆነም በአልጋውና በግድግዳው መሃል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይኑር። ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ እርጥብ አየር ሲያርፍ ውሃ ይሆናል። ፍራሽ ሲጠጋው መድረቂያ ያጣል። ፍራሹን ገልብጠሽ ከሥሩ እዪው።

የእርጥበት መለኪያ ግዢ። በ10 እና በ15 ዶላር ይገኛል። ከ60 በመቶ በላይ ከሆነ ሻጋታ ይመቸዋል፤ ከ30 እስከ 50 መሃል እንዲሆን ነው የምንፈልገው። እንጀራ ስትጋግሪ አጠገብሽ አስቀምጪውና ተመልከቺው። ምጣዱ ጭስ የለውም፤ እንፋሎቱ ግን ከሊጡ የሚወጣ ውሃ ነው። አክንባሎውን ባነሳሽ ቁጥር የሚወጣው ያ ሁሉ ነጭ እንፋሎት መውጫ ከሌለው ግድግዳውና ካርፔቱ ላይ ነው የሚያርፈው። የላይኛውን ኩሽና አከራይሽ የሚፈቅድልሽ ከሆነ እዚያ ጋግሪ። ካልሆነ መስኮቱን ከፍተሽ፣ ማራገቢያ ወደ ውጭ አዙረሽ፣ የልጁን ክፍል በር ዘግተሽ ጋግሪ። ልብስም ቤት ውስጥ አታስጪ።

እርጥበት የሚስበውን ማሽን፣ ዲህዩሚዲፋየር የሚሉትን፣ ግዢ። ያገለገለም ይሆናል። ባልዲው ሲሞላ ራሱ ስለሚጠፋ፣ የውሃ መውጫ ቱቦ ያለውን ምረጪና ቱቦውን ወደ ወለል ፍሳሽ ወይም ወደ መታጠቢያው አስገቢው። ያለዚያ አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ ማሽኑ ቆሞ ይውላል።

ስለ ዕጣኑ። ይህን ስናገር ይከብደኛል፤ እኔም እናቴ ቤት ውስጥ ዕጣን ሳይጨስ የዋለበት እሁድ አላስታውስም። ነገር ግን ዕጣን ሲጨስ ትንሽ ክፍል ውስጥ የሚወጣው ብናኝ ልክ ያንን ጣቢያ ላይ የፈራሁልሽን ደቃቁን ዓይነት ነው፣ የሚገባውም ወደዚያው ወደ ሳንባ ነው። ቡና ሲቆላ የሚወጣውም ጭስ እንደዚሁ። ለአስም ልጅ መስኮቱ ትንሽ በሆነ ቤዝመንት ውስጥ ይበዛበታል። ቡናውን አፍይ፣ አትተዪው። ቁሌቱን በረንዳ ላይ ወይም ደጅ አድርጊው። ዕጣኑን ልጁ በሌለበት አጭሺ፣ ከዚያም ክፍሉን በደንብ አናፍሺ። ከአቅምሽ ካልበለጠ ሄፓ ፊልተር ያለው አየር ማጣሪያ የልጁ ክፍል ውስጥ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ስፖሩንም ጭሱንም ይይዛል። ኦዞን የሚያወጣውን ዓይነት ግን በፍጹም አትግዢ፤ ሳንባ ያቃጥላል።

ጥቁሩ ነጠብጣብ ላይ ቀለም መቀባት ሻጋታውን አይገድለውም። ቀለሙን በልቶ ይወጣል፤ አይተሽዋል። ጠንካራ ግድግዳ ላይ ያለ ትንሽ ከሆነ፣ ከ1 ሜትር ካሬ ካልበለጠ፣ ማስክና ጓንት አድርገሽ በሳሙናና በውሃ ታጥቢዋለሽ፣ በደንብ ታደርቂዋለሽ። በረኪና የግድ አይደለም፤ ሽታው ራሱ የልጁን አስም ሊቀሰቅስ ይችላል። ስታጥቢ ልጁ እዚያ አይኑር። ግን ውሃው የሚመጣበት ካልተዘጋ ይመለሳል። ቤቱ ውጭ ያለውን የዝናብ ቦይ እዪ፣ ውሃው መሠረቱ ሥር ነው ወይ የሚፈሰው? መሬቱ ወደ ቤቱ ነው ወይስ ከቤቱ የሚያዘቀዝቀው? ያ የአከራይሽ ሥራ ነው። በጽሑፍ ጠይቂው፣ ቀኑን ጻፊበት፣ ቅጂ አስቀሪ። ልጅሽ አስም እንዳለበት ግለጪለት።

ካርፔቱ ውሃ ገብቶበት በ24 ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ አይድንም፤ መነሳት አለበት። በመጀመሪያ ግን ግድግዳው ጥግ ላይ ትንሽ ገልጠሽ ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ እዪው፣ አሽትቺውም።

ማሚ_ሜሪላንድ፦

አልጋውን አሁን አዙሬ መጣሁ። ከፍራሹ ሥር በግድግዳው በኩል ያለው ጨርቅ ጠቁሯል። የካርፔቱን ጥግም ገለጥኩት፤ ሽታው ያው ነው፣ ልክ ጣቢያው ላይ የምንሸተው። ሐኪሙ ጋ ደውዬ የአለርጂ ምርመራውን ጠይቄያለሁ፣ ቀጠሮ ሰጥተውኛል። ፍራሹን አጥቤ ልጠቀምበት ወይስ ልጣለው?

ማይክሮ_አዲስ፦

ጣዪው እህቴ። ስፖንጁ ውስጥ የገባውን በማጠብ አታወጪውም። ስታወጪው በትልቅ ፕላስቲክ ጠቅልለሽ፣ በልጁ መጫወቻ ላይ ሳታራግፊ። አዲስ እስኪገዛ ሌላ ክፍል ውስጥ ይተኛ።

ጋሽ_ቬንት፦

እሷ ያለችሽን አድርጊ። ፍራሹን ከመጣልሽ በፊት ግን ጥቁሩን ቦታና የካርፔቱን ሥር ፎቶ አንሺ፣ ለአከራይሽ ከምትጽፊው ጋር ይያያዛል። የመስኮቱንም ቁመትና ስፋት ለኪና እዚሁ ጻፊልኝ። የትኛው ማራገቢያ እንደሚገጥም አይቼ እነግርሻለሁ።